በአንድ ዝምተኛ ፊልም ካርታ ቶኪዮን መጎብኘት

ቶኪዮ ውስጥ ያላችሁ ጊዜ አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ሺቡያን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። የሰው ጎርፍ የሚሻገርበትን ያንን መንገድ በስልካችሁ መቶ ጊዜ አይታችሁታል። ይልቅ ዋሴዳ ከሚባለው ሰፈር የሚነሳ ባለ አንድ ፉርጎ የከተማ ባቡር አለ፤ በእሱ ተሳፈሩ። አራካዋ መስመር ይባላል። ርዝመቱ 12.2 ኪሎ ሜትር ነው፤ 30 ፌርማታዎች አሉት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የትም ውረዱ የት ሂሳቡ አንድ ነው። በሰው ጓሮ፣ በተሰጣ ልብስና በአበባ ማሰሮ መካከል እየተሹለከለከ ሲሄድ፣ ቶኪዮ ያ በቴሌቪዥን የምናውቀው የመብራት ጫካ ብቻ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

እኔን ወደዚህ ባቡር የመራኝ የጉብኝት መጽሐፍ አይደለም። ፊልም ነው። «ካፌ ሉሚዬር» ይባላል፤ በ2003 የተሠራ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የጃፓንኛው ርዕስ የተጻፈባቸው ፊደላት ቡናን፣ ጊዜንና ብርሃንን ያመለክታሉ። ለአጭር ስልጠና ቶኪዮ በሄድኩበት ወቅት፣ ነፃ በሆንኩባቸው ቀናት ፊልሙ የተቀረጸባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ተከትዬ ነበር። ዕድሉ ከገጠማችሁ እናንተም እንዲህ ብታደርጉ ደስ ይለኛል። ባይገጥማችሁም ፊልሙን ፈልጋችሁ እዩት።

ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ። ፊልሙ ውስጥ ምንም ነገር «አይከሰትም»። የምሠራው የገበያ ማስተዋወቅ ሥራ ነው፤ በእኛ ሙያ ተመልካቹን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ካልያዝከው አምልጦሃል ይባላል። እዚህ ግን ባቡር ያልፋል፣ ልብስ ይሰጣል፣ ስልክ ይደወላል፣ ቡና ይጠጣል። ካሜራው አንድ ጥግ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። የጀርባ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ሰው ፊት ላይ ተጠግቶ እንባ የሚያሳይ ካሜራም የለም። መጀመሪያ ሳየው ሃያ ደቂቃ ያህል አልፎ «መቼ ነው የሚጀምረው?» ብያለሁ። ለካ ከጀመረ ቆይቷል።

ፊልሙ የተሠራው ያሱጂሮ ኦዙ የተባለውን ታላቅ የጃፓን ዳይሬክተር ለማክበር ነው። ኦዙ የተወለደው በቶኪዮ ፉካጋዋ ሰፈር፣ ዲሴምበር 12 ቀን 1903 ነው። የሞተው ደግሞ ዲሴምበር 12 ቀን 1963፣ በስድሳኛ የልደት ቀኑ። ትዳር አልያዘም፤ ከእናቱ ጋር ነው የኖረው። የፊልሞቹ ጉዳይ ግን ዕድሜ ልኩን አንድ ነበር፦ ወላጅና ልጅ። ካሜራውን ከወለሉ ብዙም ከፍ ሳያደርግ ያስቀምጠዋል፤ በጃፓን ቤት ምንጣፍ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን በሚያይበት ከፍታ። እኛ ቤት ቢሆን ኖሮ ረከቦት ፊት በርጩማ ላይ የተቀመጠች እናት የምታየውን ያህል ማለት ነው። ከዚያ ካሜራውን አያንቀሳቅሰውም።

በጣም የታወቀው ሥራው የ1953ቱ «የቶኪዮ ታሪክ» ነው። ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ከሩቅ ከተማ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ሥራ በዝቶባቸዋል። አንዱ ለሌላው ይገፋቸዋል፤ በመጨረሻም «ተዝናኑ» ተብለው ወደ ፍል ውሃ ይላካሉ። ከልቧ የምታስተናግዳቸው፣ ባሏ በጦርነት የሞተባት ምራታቸው ብቻ ናት። ከክፍለ ሀገር የመጡ ወላጆቹን ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር ትቶ ወደ ሥራ የሮጠ የአዲስ አበባ ሰው ይህን ፊልም ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ2012 አንድ የእንግሊዝ የፊልም መጽሔት የዓለም ዳይሬክተሮችን ድምፅ ሲያሰባስብ፣ ከፊልሞች ሁሉ አንደኛ ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ኦዙ የተወለደበት መቶኛ ዓመት ሲደርስ፣ ዕድሜውን በሙሉ ማለት ይቻላል የሠራበት ሾቺኩ የተባለው የፊልም ኩባንያ መታሰቢያ እንዲሠራ የጠየቀው ጃፓናዊ ዳይሬክተር አልነበረም። የታይዋኑን ሆው ሲያዎ-ሺየንን ነው። ሆው በ1989 በቬኒስ ፌስቲቫል የወርቅ አንበሳ የተሸለመ ሰው ነው፤ ጃፓንኛ ግን አይናገርም። ታይዋን ደግሞ ከ1895 እስከ 1945 በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር የነበረች አገር ናት። እንግዲህ አስቡት፤ ቋንቋውን የማይናገር የቀድሞ ቅኝ ተገዢ አገር ልጅ፣ «እጅግ ጃፓናዊ» የሚባለውን ዳይሬክተር እንዲያከብር ተጠራ። ከጌታው ፊልሞች ጥቂት ትዕይንቶችን ገልብጦ ማስረከብ ይችል ነበር፤ ሁሉም ያጨበጭብለት ነበር። እሱ ግን ሌላ መንገድ መረጠ።

ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ብነግራችሁ የሚበላሽ ነገር የለውም። ዮኮ በሃያዎቹ ውስጥ ያለች ነፃ ጸሐፊ ናት፤ የምትጫወታት ዮ ሂቶቶ የተባለች ዘፋኝ ስትሆን፣ እሷም አባቷ ታይዋናዊ እናቷ ጃፓናዊት ናቸው። ዮኮ ስለ አንድ የቀድሞ ሙዚቀኛ ሕይወት ትመረምራለች፤ በ1910 ታይዋን ስለተወለደውና ጃፓን መጥቶ ስለተማረው የሙዚቃ ደራሲ ጂያንግ ዌንዬ። ምርምሩ ከባቡር ወደ ባቡር፣ ከካፌ ወደ ካፌ ይወስዳታል። አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ሃጂሜ የሚባል ጓደኛ አላት፤ የባቡር ድምፅ እየቀዳ የሚሰበስብ ዓይን አፋር ሰው ነው። አንድ ቀን ወላጆቿ ቤት ሄዳ አደረች። ሌሊት ርቧት ተነስታ እየበላች ሳለ ለእንጀራ እናቷ ነገረቻት፦ ነፍሰ ጡር ናት። የልጁ አባት ታይዋናዊ ነው። አታገባውም። ልጁን ብቻዋን ታሳድጋለች።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው ጩኸት አይመጣም። ባቡሩ ይቀጥላል።

ዮኮ የምትሳፈርበት ፌርማታ ኪሺቦጂን ይባላል፤ ከዋሴዳ ስትነሱ ሦስተኛው ነው። እዚህ ውረዱ። ከፌርማታው ጥቂት እንደተራመዳችሁ በትልልቅ ዛፎች የተከበበ መንገድ ታገኛላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ዋናው አዳራሹ በ1664 የተሠራ የቡድሂስቶች ቤተ መቅደስ አለ። የተሠራው ለኪሺቦጂን ነው። በአፈ ታሪኩ ኪሺቦጂን የብዙ ልጆች እናት የነበረች፣ ግን የሰው ልጆችን እየነጠቀች የምትበላ ጭራቅ ናት። ቡድሃ የመጨረሻ ልጇን ደበቀባት። እናትየው አገር ምድሩን ስታስስ፣ ስታለቅስ፣ የሌሎችን እናቶች ሐዘን ቀመሰችው። ልጇ ሲመለስላት ተጸጸተች፤ ከዚያ ወዲህ የልጆችና የወላዶች ጠባቂ ሆነች። ስሟ የሚጻፍበት የመጀመሪያ ፊደል «ጭራቅ» ማለት ነው፤ አናቱ ላይ ቀንድ የምትመስል ትንሽ ጭረት አለችው። በዚህ ቤተ መቅደስ ግን ጭረቷን ትተው ነው የሚጽፉት። ጭራቅነቱን ትታለችና ቀንዷን አነሱላት።

ፊልሙ ስለዚህ ታሪክ ማብራሪያ አይሰጥም። ነገር ግን ዮኮ የምታየው ሕልም አለ፤ ሕፃን ይሰረቅና በምትኩ ከበረዶ የተሠራ ሕፃን ይቀመጣል። ሃጂሜ ሕልሙን ሰምቶ የአሜሪካዊውን የሞሪስ ሴንዳክን የልጆች መጽሐፍ ያመጣላታል፤ እዚያ ላይ ተመሳሳይ ታሪክ አለ። ነፍሰ ጡሯ ልጅ በየቀኑ የምትሳፈረው፣ ልጇ የተደበቀባት እናት ቤተ መቅደስ ካለበት ፌርማታ ነው። ቦታውን በእግሬ ካልረገጥኩት ይህ ግንኙነት አይታየኝም ነበር።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ግቢው ውስጥ ካለችው ትንሽ የከረሜላ ሱቅ አታልፉ። ከ1781 ጀምሮ እንደነበረች ይነገራል። አጠገቧ ያለው ግዙፍ የጊንኮ ዛፍ ደግሞ ከ600 ዓመት በላይ ዕድሜ ይሰጠዋል። በኅዳር መጨረሻ ቅጠሉ ወርቅማ ቢጫ ይሆናል።

ስለ ባቡሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛንም ይነካናል። ቶኪዮ በአንድ ወቅት በእንዲህ ዓይነት የመንገድ ባቡሮች የተሞላች ነበረች። በ1964 ኦሎምፒክ ዙሪያ ከተማዋ እንደ አዲስ ተሠራች፤ ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ቀን ሥራ ጀመረ፤ አውራ ጎዳናዎች በሰማይ ላይ ተዘረጉ። በዚያው ወር አበበ ቢቂላ በአዲሶቹ መንገዶች ሮጦ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማራቶኑን አሸነፈ። እኛ ቶኪዮን የምናውቃት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። ኦዙ ግን ያንን ቀን አላየም፤ አሥር ወር ቀድሞ አርፏል። በቀጣዮቹ ዓመታት የመንገድ ባቡሮቹ አንድ በአንድ ተነሱ። ከከተማው አስተዳደር መስመሮች የቀረው አራካዋ ብቻ ነው፤ አብዛኛው ሐዲዱ ከመኪና መንገድ ተለይቶ የራሱ መተላለፊያ ስላለውና ነዋሪዎቹም እንዲቀር ስለፈለጉ። ሆው ፊልሙን ከዚህ ባቡር መጀመሩ፣ ለእኔ፣ ኦዙ የሚያውቃትን ቶኪዮ መፈለጉ ነው። ያገኘው ቁራጭ ይህ ነበር።

ቀጥላችሁ ወደ ጂምቦቾ ሂዱ፤ የሃጂሜ ሱቅ ያለበት ሰፈር ነው። ከመቶ በላይ የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች አንድ አካባቢ ላይ ተደርድረዋል። ልብ ብላችሁ ካያችሁ አብዛኞቹ የመንገዱን ደቡባዊ ጎን ይዘው ፊታቸውን ወደ ሰሜን አዙረዋል፤ ፀሐይ መጻሕፍቱን እንዳታጠወልግ። ጃፓንኛ ባታነቡም ካርታዎች፣ የድሮ ፖስተሮችና ፎቶግራፎች አሉ። ማንም «ምን ልርዳ?» ብሎ አይከተላችሁም።

ቡናውም እዚሁ ነው። ጃፓኖች «ኪሳተን» የሚሏቸው አሮጌ ቡና ቤቶች ጠቆር ባለ እንጨት የተሠሩ፣ መብራታቸው ደብዘዝ ያለ፣ ሰው ብቻውን ሰዓታት ቢቀመጥ የማይገረምባቸው ናቸው። በጂምቦቾ በ1949 የተከፈተው ላድሪዮና በ1955 የተከፈተው ሳቦኡሩ ይታወቃሉ። ቡናው በእጅ፣ ውሃ በቀስታ እየተንጠባጠበ ነው የሚፈላው። ዝርዝሩ ላይ «ሞካ» የሚል ታያላችሁ፤ «ሞካ ሲዳሞ»፣ «ሞካ ሐረር» የሚልም አለ። የእኛ ቡና ነው። ሞካ የየመን ወደብ ስም ነው፤ ቡናችን በድሮ ጊዜ በዚያ በኩል ስለተሻገረ ስሙን እንደያዘ ቀረ። በሙያዬ የምርት ስም ነገር ስለሚያንገበግበኝ ያንን ዝርዝር ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ አይቼዋለሁ። ቡናው ግን ጥሩ ነበር። ቤተሰብ ሰብስቦ ሦስት ጊዜ የሚፈላው የእኛ ቡናና ለአንድ ሰው፣ በአንድ ስኒ፣ በዝምታ የሚቀርበው የእነሱ ቡና ከአንድ ዛፍ መምጣቱ ይገርማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ፤ ወደ አባትየው።

የዮኮ ወላጆች የሚኖሩት በጉንማ ክፍለ ግዛት በታካሳኪ አካባቢ ነው። ከቶኪዮ በሺንካንሰን ሃምሳ ደቂቃ ገደማ ቢሆን ነው። ከተማዋ የምትታወቀው «ዳሩማ» በሚባሉ ድቡልቡል ቀይ አሻንጉሊቶች ነው፤ የጃፓን አብዛኛው ዳሩማ የሚሠራው እዚያ ነው። ዓይኖቻቸው ባዶ ሆነው ይሸጣሉ፤ ስትመኙ አንዱን ዓይን ትቀባላችሁ፣ ሲሳካ ሁለተኛውን። ከዚህ ሌላ ታካሳኪ ላይ ብዙ አልቆየሁም። ፊልሙ ራሱ ከዚያ የሚያሳየው ጸጥ ያለ ጣቢያና ሰፊ የገጠር ቤት ነው።

አባትየው በዚያ ቤት ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥን ያያሉ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ልጃቸው ማርገዟን ሰምተዋል። አይናገሩም። በእኛ ተረት እንጀራ እናት ክፉ ናት፤ እዚህ ግን የምትጨነቀው፣ የምትጠይቀው፣ «አንተ አባቷ ነህ፣ አናግራት እንጂ» በሚል ዓይን የምታያቸው እሷ ናት። በኋላ ለለቅሶ ቶኪዮ መጥተው ዮኮ ጠባብ ክፍል ውስጥ ያርፋሉ። እንጀራ እናቷ ዮኮ የምትወደውን በሥጋና በድንች የተሠራ ወጥ ሠርታ አምጥታለች። ዮኮ ቤት ለአባቷ የሚቀርብ መጠጥ የለም፤ ከጎረቤት ሳኬ ከነብርጭቆው ተበድራ ትመጣለች። እንጀራ እናቷ ታፍራለች። ይህ ትዕይንት ከኦዙ የተወሰደ ነው፤ በ«የቶኪዮ ታሪክ» ምራትየው ለአማቶቿ ሳኬ የምትበደረው ከጎረቤት ነው። ሆው የገለበጠው ይህችን ትንሽ ነገር ነው፤ ብድሯን።

ከዚያ ሦስቱ በዝቅተኛዋ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ዮኮ ለምን እንደማታገባ ታስረዳለች፤ ሰውየው ከእናቱ የማይለይ ነው፣ ቤተሰቡ የጃንጥላ ፋብሪካ አለው፣ እዚያ ገብታ መኖር አትፈልግም። ካሜራው አይነቃነቅም። አባትየው ያዳምጣሉ፤ ይጠጣሉ፤ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ከጉዞው ስመለስ ፊልሙን ከእናቴና ከእህቴ ጋር ሳሎን ቁጭ ብለን አየነው። እህቴ መሐል ላይ ስልኳን አነሳች። እናቴ ግን እስከ መጨረሻው ጠበቀች፤ ደጋግማ የጠየቀችኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ «አባትየው መቼ ነው የሚናገሩት?» አይናገሩም አልኳት። ፊልሙ አለቀና ስኒዎቹን እየሰበሰበች፣ «ተቀይመው እኮ አይደለም፤ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው» አለች። ትንሽ ቆይታም፣ «አባታችሁስ እንዲሁ አልነበረም?» አለች። ከዓመታት በፊት እህቴ ለሥራ ወደ ዱባይ ልሄድ ነው ብላ የተናገረች ማታ አባታችን አንድም ቃል አልተነፈሰም ነበር። ተቆጣ ብለን ተኛን። በማግስቱ አሮጌውን ሻንጣ ይዞ መርካቶ ሄዶ፣ የተበላሸውን ዚፑን አሠርቶ ተመለሰ። እህቴ ስልኩን አስቀመጠችና፣ «እኔ ግን ያን ማታ አልተኛሁም» አለች።

ሁለቱም ትክክል ናቸው። ፊልሙን የወደድኩትም ለዚህ ነው። ሆው ለአባትየው ጠበቃ አልቆመም፤ ዝምታቸው ፍቅር ነው ብሎ አልሸጠልንም። አልከሰሳቸውምም። ዮኮ ያንን ማታ አባቷ ምን እንደሚያስብ ሳታውቅ ነው የሚያልፈው፤ እኛም አናውቅም። ብዙ ቤት ውስጥ የአባት ዝምታ እንደ ፈቃድ፣ እንደ ቁጣ፣ እንደ ሐዘን እየተተረጎመ ዓመታት ያልፋል። ተርጓሚዋ ብዙ ጊዜ እናት ናት።

ኦዙ በ1949 በሠራው «የጸደይ መጨረሻ» ላይ ሚስቱ የሞተችበት አባት፣ አብራው መኖር የምትፈልገውን ልጁን ለመዳር ሲል «እኔም ላገባ ነው» ብሎ ይዋሻታል። ልጅቷ ተድራ ትሄዳለች፤ አባት ባዶ ቤት ገብቶ ፖም ይልጣል። በእነዚያ ፊልሞች ጥያቄው «ልጄን እንዴት ልዳራት?» ነበር፤ መልሱም አንድ ነበር፣ ያማል እንጂ ይደረጋል። ሃምሳ ዓመት አልፎ ሆው ያመጣት ልጅ አላገባም ትላለች፤ አባትም የሚዋሸው ውሸት እንኳ የለውም። ኦዙ ያዘጋጀለት ቃል አልቆበታል። ለመቶኛ ዓመት መታሰቢያ ከተሰጡ ስጦታዎች ሁሉ ይህ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ የጌታውን ካሜራ ሳይሆን የጌታውን ቤተሰብ ወስዶ፣ አሁን የት ደረሱ ብሎ መጠየቅ።

(የኦዙ አድናቂዎች ብዙ ናቸው። ጀርመናዊው ቪም ቬንደርስ በ1985 ስለ እሱ ዘጋቢ ፊልም ሠርቷል፤ በ2023 ደግሞ ቶኪዮ ውስጥ የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችን የሚያጸዳ ሰው ታሪክ የሆነውን «ፐርፌክት ዴይስ»ን። እሱ ይበልጥ የሚመች ፊልም ነው፤ ለጀማሪ ከዚያ መጀመር ይቀላል። ለእኔ ግን ትንሽ ይጣፍጣል።)

ግማሽ ቀን ከተረፋችሁ ኦዙን ራሱን ጠይቁት። ከቶኪዮ ጣቢያ በዮኮሱካ መስመር አንድ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ ኪታ ካማኩራ ውረዱ፤ «የጸደይ መጨረሻ» የሚጀምረው በዚችው ጣቢያ ነው። ከጣቢያው ጥቂት እርምጃ ላይ በ1282 የተመሠረተው ኤንጋኩጂ ቤተ መቅደስ አለ፤ የባቡር ሐዲዱ የቤተ መቅደሱን መሬት ቆርጦት ያልፋል። ኦዙ የተቀበረው እዚያ ነው። መቃብሩ ላይ ስም የለም። አንድ ፊደል ብቻ ተቀርጿል፤ «ምንም»፣ «ባዶ» እንደማለት ነው። ሰዎች ሳኬና ቢራ ያስቀምጡለታል፤ መጠጥ ይወድ ነበርና። እኔ በሄድኩበት ቀን ሦስት ጠርሙስ ነበር፤ አንዱ ተከፍቶ ትንሽ ተጎንጭቶለታል። ባቡር ሲያልፍ ድምፁ እስከ መቃብሩ ይሰማል።

ሆው ከእንግዲህ ፊልም አይሠራም። በ2023 ቤተሰቡ የመርሳት በሽታ እንደያዘውና ከሥራ ማረፉን አስታውቋል።

ጉዞ ለምታስቡ፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በደቡብ ኮሪያ ኢንቼዮን በኩል ናሪታ ይደርሳል፤ ቪዛ አስቀድሞ ያስፈልጋል። እንደደረሳችሁ ገንዘብ የሚሞላበት የባቡር ካርድ ግዙ፤ ለምድር ባቡሩም ለአራካዋም ይሠራል፤ በየባቡሩ ትኬት ከመቁረጥ ትገላገላላችሁ። ፊልሙን ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት እዩት። ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ከተቻለ በጆሮ ማዳመጫ፤ ግማሹ ታሪክ ድምፅ ውስጥ ነው ያለው። ሃጂሜ ማይክሮፎኑን ይዞ ባቡር ውስጥ ይቆማል። ዮኮን እንደሚወዳት ግን አይናገርም። በአንድ ትዕይንት ሁለቱ ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ባቡሮች ውስጥ ናቸው፤ አይተያዩም።

ቀኑን የምትጨርሱት ኦቻኖሚዙ ላይ ይሁን፤ ፊልሙም የሚጨርሰው እዚያ ነው። ከጂምቦቾ በእግር ሩቅ አይደለም። የሰፈሩ ስም «የሻይ ውሃ» ማለት ነው፤ በጥንት ጊዜ ለገዢው ሻይ የሚቀዳበት ምንጭ ስለነበረበት። ከጣቢያው ወጥታችሁ ሂጂሪ ድልድይ ላይ ቁሙ። የተሠራው በ1927 ሲሆን ስሙ «ቅዱስ ድልድይ» ነው፤ ምክንያቱም በአንድ ወገን የኮንፊሽየስ አዳራሽ፣ በሌላው ወገን ሩሲያዊው ሚሲዮናዊ ኒኮላይ ያሠሩት የኦርቶዶክስ ካቴድራል ስላለ፣ ሁለቱን ያገናኛል ተብሎ ነው። የካቴድራሉ ጉልላት ከጣቢያው አካባቢ ይታያል።

ከድልድዩ ወደ ምሥራቅ ተመልከቱ። ከታች ካንዳ ወንዝ አለ። ቀዩ የምድር ባቡር ከዋሻ ብቅ ይልና ወንዙን ተሻግሮ ተመልሶ መሬት ውስጥ ይገባል፤ ከበላዩ ብርቱካናማ መስመር ያለው ባቡር ይመጣል፤ ቢጫው ደግሞ በሌላ ድልድይ ላይ ወንዙን ያቋርጣል። ሦስቱም በአንድ ጊዜ እስኪያልፉ የሚጠብቁ ካሜራ የያዙ ሰዎች ከጎናችሁ ይኖራሉ። ልጆች ካሉ ቀለም አካፍሏቸው፤ አንዱ ቀዩን፣ አንዱ ቢጫውን፣ አንዱ ብርቱካኑን ይጠብቅ። እኔ አርባ ደቂቃ ቆሜ ሁለቱን አንድ ላይ አግኝቻለሁ።